39,000 ጫማ የት ነው?

ከቦሌ ወደ ዱባይ በሚበር ቦይንግ 787 ላይ ነው። መስኮት ዳር የተቀመጠው ሰው ስልኩን ከመስታወቱ ጋር አጣብቆ ጂፒኤሱን ሲያይ ቆየና ወደ እኔ ዞሮ «ይቅርታ ወንድሜ፣ ከሁለቱ አንዱ እየዋሸ ነው» አለኝ። ከፊቱ ያለው ስክሪን ከፍታችን 11,887 ሜትር ነው ይላል። ስልኩ 12,480 ይላል። ልዩነቱ 600 ሜትር ያህል፣ በአቪዬሽን ቋንቋ 2,000 ጫማ ገደማ ነው። «ስልኬ ርካሽ ስለሆነ ነው?» አለ። አይደለም አልኩት። «ታዲያ አውሮፕላኑ ነዋ የተሳሳተው?» እሱም አይደለም። ሁለቱም ልክ ናቸው ብዬ ልገላገል ስል፣ ልጅ ሊያባብል እንደሚሞክር ሰው አየኝ። ጥያቄው አብሮኝ ከአውሮፕላኑ ወረደ።

የከነከነኝ መልሱ ስለጠፋኝ አይደለም፤ መልሱ ከአነጋገራችን ጋር ስለማይገጥም ነው። «39,000 ጫማ ላይ ነን» ሲባል ሰው የሚገባው ከባሕር ጠለል ተነስቶ በሜትር የተለካ ርቀት ነው። አብራሪው ሲለው ግን የሚናገረው ስለ አየር ግፊት ነው፤ 197 ሄክቶፓስካል (ሄክቶፓስካል የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ስለሆነ ግፊት። ያ ግፊት ዛሬ ከመሬት ስንት ሜትር ርቆ እንደሚገኝ የሚወስነው ከበታቹ ያለው አየር ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመሣሪያው እንጀምር።

ክዳኑ የተጠበቀ ጠርሙስ

ቦሌ ከፍተሻው በኋላ የተገዛ የውሃ ፕላስቲክ አለ እንበል። ውሃው ተጠጥቶ አለቀ፣ ክዳኑ እዚያው ቦሌ ላይ ጥብቅ ተደርጎ ተዘጋ። ቦሌ ከባሕር ጠለል 7,600 ጫማ ያህል ከፍ ስለሚል የአየሩ ግፊት 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ ነው። ዱባይ 1,010 አካባቢ። ጠርሙሱ ዱባይ ሲደርስ ሩብ ያህል ይዘቱን አጥቶ ጭምድድ ብሎ ይገኛል። በነገራችን ላይ መጨማደድ የሚጀምረው መውረድ ሲጀመር አይደለም። የ787 ካቢን ውስጥ ያለው ግፊት ከ6,000 ጫማ በላይ ካለ ቦታ ግፊት ጋር እንዳይመሳሰል ተደርጎ ስለሚጠበቅ፣ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ አውሮፕላኑ ወደ 39,000 ሲወጣ የእሱ ጆሮ የሚሰማው ከቦሌ እንደመውረድ ነው። ከጅቡቲ ቢነሣ ነገሩ ተገልብጦ የቺፕስ ከረጢቱ ይነፋል።

አልቲሜትር በሚባለው የከፍታ መለኪያ ውስጥ ያለው ይኸው ጠርሙስ ነው፤ ካፕሱል ይሉታል፤ ልዩነቱ ከስስ ብረት መሠራቱና ውስጡ ያለው አየር ተመጦ መታሸጉ ነው። በአውሮፕላኑ ጎን ካሉት ስታቲክ የሚባሉ ትናንሽ ቀዳዳዎች በቱቦ የሚመጣው የውጭ አየር ዙሪያውን ይከበዋል። ሲወጣ የውጩ ግፊት ይቀንስና ካፕሱሉ ያብጣል፤ ሲወርድ ይጨመቃል። ያ እንቅስቃሴ በጥርሶች ተባዝቶ መርፌውን ያዞራል። በዛሬዎቹ አውሮፕላኖች የጥርሶቹን ሥራ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰርና ኤር ዳታ ኮምፒውተር ወስደውታል፤ ፍሬ ነገሩ አልተለወጠም። መሣሪያው ከፍታን አይቶ አያውቅም። የሚያውቀው ግፊትን ነው፣ ከዚያ በሠንጠረዥ ከፍታን ይገምታል።

ሠንጠረዡ ስታንዳርድ አትሞስፌር ይባላል። በባሕር ጠለል ግፊቱ 1013.25 ሄክቶፓስካል፣ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፤ በየ1,000 ጫማው ሁለት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ እስከ 36,089 ጫማ፤ ከዚያ በላይ 56.5 ከዜሮ በታች ላይ ይረጋል። ይህ በየትኛውም ቦታ የሚገኝ አየር አይደለም፤ ለመግባባት የተጻፈ አየር ነው። በእሱ ሕግ ብንሄድ ቦሌ ላይ ሁልጊዜ ዜሮ ዲግሪ መሆን ነበረበት። የጥር ከሰዓት በኋላ ቴርሞሜትሩ 23 ሲል፣ አየሩ ከሠንጠረዡ በ23 ዲግሪ ሞቋል ማለት ነው። ሥራ የጀመርነው ገና ከመነሻው ከእውነተኛው አየር ጋር በማይገጥም ሠንጠረዥ ነው።

ትንሿ መስኮት

የአየር ግፊት በየሰዓቱ ስለሚለዋወጥ አልቲሜትሩ ላይ ማስተካከያ ቁልፍና ቁጥር የምትታይባት ትንሽ መስኮት አለች። በፈጣሪው በፖል ኮልስማን ስም የኮልስማን መስኮት ትባላለች። እዚያ የሚገባው ቁጥር ኪው ኤን ኤች ነው፤ የአካባቢው ግፊት ወደ ባሕር ጠለል ተመልሶ ሲሰላ የሚገኘው ቁጥር። ስሙ ከቴሌግራፍ ዘመን የመጣ ኮድ ስለሆነ ሲዘረዘር የሚሰጠው ትርጉም የለም፤ ሥራው ግን ግልጽ ነው። ትክክለኛው ኪው ኤን ኤች ሲገባ፣ ቦሌ ማኮብኮቢያ ላይ የቆመ አውሮፕላን አልቲሜትር የማኮብኮቢያውን ከፍታ፣ 7,600 ገደማ ያነብባል። ከበረራ በፊት የሚደረገው ፍተሻም ይህ ነው፤ የካፒቴኑና የረዳቱ መሣሪያ እያንዳንዳቸው ከታወቀው ከፍታ በ75 ጫማ ውስጥ መሆን አለባቸው።

ኪው ኤፍ ኢ የሚባል ሌላ ዘዴም አለ፤ መሬት ላይ ዜሮ እንዲያነብብ ማድረግ። ቦሌ ላይ ይህን የሚፈልግ ሰው መስኮቷ ውስጥ 770 ማስገባት አለበት። የድሮው መደበኛ አልቲሜትር ግን ከ950 አካባቢ በታች አይዞርም። ለሜዳ አገር የተሠራ ዕቃ ደጋ ላይ እንዲህ ይሆናል።

ልብ በሉ፣ ቁልፉ ላይ አንድ ሄክቶፓስካል ማዞር ንባቡን በ27 ጫማ ያህል ይለውጠዋል። ይህችን ቁጥር ያዙልኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ በእሷ ይሠላል።

ቁልፉ ሲጫን

ጽሑፉን እንድጽፍ ያደረገኝ ቅጽበት ይህ ነው፤ ተሳፋሪው አያየውም። ኪው ኤን ኤች 1025 በሆነበት ጠዋት ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን እየወጣ ነው። የእንጦጦንና የአካባቢውን ተራሮች እስኪያልፍ 1025 መስኮቷ ውስጥ ይቆያል፤ ተራራው ከፍታው የተጻፈው ከባሕር ጠለል ስለሆነ፣ አውሮፕላኑም ከዚያው መነሻ መለካት አለበት። ከዚያ የአገሩ ደንብ የወሰነው የሽግግር ከፍታ ይደርሳል። አንዱ አብራሪ ይጠራል፣ ሁለቱም ቁልፋቸውን ይነካሉ። ቦይንግ ላይ ይጫናል፣ ኤርባስ ላይ ይሳባል። ተጠባባቂው አልቲሜትር እንዳይረሳ። 1025 ይጠፋና ስታንዳርድ የሚለው ይመጣል፤ 1013 ማለት ነው።

በዚያች ሰከንድ የሚነበበው ከፍታ በ325 ጫማ ያህል ይወርዳል። አውሮፕላኑ አልወረደም፤ እንዲያውም እየወጣ ነው። ሆድ ውስጥ የሚሰማ ነገር የለም፣ ሻይ አይፈስም። አሥራ ሁለት ሄክቶፓስካል ሲባዛ በ27፣ ያ ብቻ ነው። ግን ትርጉሙ ትልቅ ነው። ሁለት የሠለጠኑ ሰዎች እውነት የሚያውቁትን የዛሬን የአካባቢ ግፊት አውቀው ጥለው፣ ዛሬ እውነት እንዳልሆነ ወደሚያውቁት ቁጥር ተሻገሩ። ከዚህ በኋላ «15,000 ጫማ» አይባልም፤ «ፍላይት ሌቭል 150» ይባላል። ተሳፋሪው ስለ ስልኩ ያቀረበው ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ያለው እዚህ ላይ ነው። አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል መለካቱን ያቆመው ከቦሌ በተነሣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ነው።

ለምን? ታች ያለው አደጋ ተራራ ነው፣ ተራራ ደግሞ አይንቀሳቀስም። ላይ ያለው አደጋ ሌላ አውሮፕላን ነው። ኪው ኤን ኤች ዱባይ አካባቢ 1003፣ አዲስ አበባ 1025 በሆነበት ቀን፣ ሁለቱ አብራሪዎች የየመነሻቸውን ቁጥር ይዘው መንገድ ላይ ቢገናኙ የሚለኩበት መሠረት በ600 ጫማ ገደማ ይለያያል። በመካከላቸው ሊኖር የሚገባው 1,000 ጫማ ነው። ሁለቱም «ልክ» ሆነው ይቀራረባሉ። ሁለቱም 1013 ቢይዙ ግን ሁለቱም በእኩል ይሳሳታሉ፣ ልዩነታቸውም አይነካም።

የሽግግሩ ከፍታ በየአገሩ ይለያያል። አሜሪካ በመላ አገሩ 18,000 ጫማ ነው፤ ጀርመን 5,000፣ ኔዘርላንድስ 3,000። በሽግግሩ ከፍታ አካባቢ ግፊት ዝቅ ሲል ችግር ይመጣል። አሜሪካ ላይ ግፊቱ ከ1013 በ20 ሄክቶፓስካል ቢወርድ፣ ፍላይት ሌቭል 180 በእውነተኛ መለኪያ ወደ 17,460 ጫማ ይወርዳል፤ በአካባቢ ግፊት 17,000 ላይ ከሚበረው ጋር ያለው ክፍተት 460 ብቻ ይሆናል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ቀን ሌቭል 180 ይዘጋል፣ ለማንም አይሰጥም።

ቁልፉን የረሳስ? ከቦሌ 1027 እንደያዘ ወደ ሌቭል 370 ቢወጣ፣ አልቲሜትሩ 37,000 እያለው በግፊት ያለው 36,620 አካባቢ ላይ ነው። በአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪው ስክሪን ላይ 366 ይታያል፤ ለራዳሩ መልስ የሚልከው ትራንስፖንደር አብራሪው መስኮቷ ውስጥ ምንም ቢያስገባ ሁልጊዜ የሚልከው በ1013 የተለካውን ነው። ሌቭል 360 ላይ ካለው ጋር 620 ጫማ ብቻ ቀርቶታል።

በሁለት መሶብ ያለ እንጀራ

አሁን ወደ ስልኩ። ሁለት መሶብ አስቡ። በአንዱ ወፈር ያለ፣ በሌላው ሳሳ ያለ እንጀራ ተደራርቧል። ከሁለቱም 39ኛውን እንጀራ ብታመለክቱ ቁጥሩ አንድ ነው፣ ከመሶቡ ወለል ያለው ርቀት ግን አንድ አይደለም። ፍላይት ሌቭል የእንጀራ ቆጠራ ነው። ጂፒኤስ በሜትር የሚለካ ማስመሪያ ነው። ሞቃት አየር ይለጠጣል፤ ንብርብሩ ይወፍራል፣ የግፊቱ ወለል ወደ ላይ ይገፋል። ቀዝቃዛ አየር ሲታጨቅ ወለሉ ይወርዳል። የአብራሪዎች የጣት ስሌት፣ የአየሩ ዓምድ ከስታንዳርዱ በአማካይ በ10 ዲግሪ ሲለያይ እውነተኛው ከፍታ በ4 በመቶ ይለያያል የሚል ነው። ከምድር ወገብ ብዙ በማይርቀው ሰማያችን 39,000 ላይ ወደ 2,000 ጫማ ጭማሪ የሚመጣው ከዚህ ነው። የሰውየው ስልክ በትክክል ይህንኑ ነበር ያነበበው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ስክሪኑ ላይ የሚታየው የውጭ ሙቀት ከስታንዳርዱ ብዙም ላይለይ ይችላል። ወሳኙ አውሮፕላኑ ያለበት ቦታ ሙቀት አይደለም፤ ከሥሩ እስከ ባሕር ጠለል ያለው የጠቅላላው ዓምድ ሙቀት ነው። የላይኛው እንጀራ ስስ ሊሆን ይችላል፤ ቁልሉን ከፍ የሚያደርጉት የታችኞቹ ናቸው።

ከዚህ ይበልጥ የሚገርመኝ በጥር ከአዲስ አበባ ወደ ስቶክሆልም የሚደረገው በረራ ነው። አውሮፕላኑ ሌቭል 380 ላይ ተቀምጦ፣ መርፌው ሳትነቃነቅ፣ አውቶፓይለቱ ምንም ሳይሠራ በሚመስል ሁኔታ ከ2,000 እስከ 3,000 ጫማ በእውነት ይወርዳል። ከሞቀው ቁልል ወደ ቀዘቀዘው ቁልል እየሄደ ነው። ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የተዘረጋ ቁልቁለት ስለሆነ ማንም አይሰማውም። የድሮ ናቪጌተሮች ግን ከነፋሱ ያውቁት ነበር፤ በሰሜን ንፍቀ ክበብ ነፋስ ከግራ እየገፋህ ከሆነ ወደ ዝቅተኛ ግፊት እየሄድክ፣ ማለትም እየወረድክ ነው። ወደ አውሮፓ ሲኬድ ከምዕራብ የሚመጣው ኃይለኛው ጄት ነፋስ ከግራ ነው የሚመታው። ነፋሱም ቁልቁለቱም የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱንም የወለደው የደቡቡ ሙቀትና የሰሜኑ ቅዝቃዜ ነው።

«እንግዲያው ለምን በጂፒኤስ አይበሩም?» የሚለው ይመጣል። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት ዋናው መልስ ክንፉና ሞተሩ ናቸው። ክንፍ ሜትር አያውቅም፤ የሚያውቀው ያለበትን አየር ነው። አንድ አውሮፕላን በዚህ ክብደቱ የትኛው ሌቭል ላይ ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው ሠንጠረዥ የተሠራው በግፊት ነው፤ ነዳጁ እያለቀ ሲቀልል ደረጃ በደረጃ ወደ ላይ የሚወጣውም በዚያው ነው። ሁለተኛ፣ ሁሉም በአንድ ሌሊት ካልቀየሩ ግማሹ በጂፒኤስ ግማሹ በግፊት የሚበሩበት ሰማይ ያ 2,000 ጫማ ልዩነት መሐሉ ይገባል። ሦስተኛ፣ የጂፒኤስ ሞገድ ይታፈናል፣ በሐሰት ሞገድም ይታለላል፤ በመካከለኛው ምሥራቅ ሰማይ ላይ የሚበር ሠራተኛ ይህን በሚገባ ያውቀዋል። የአየርን ግፊት ከሩቅ ሆኖ የሚያፍን ሰው ግን የለም።

ወደ ምሥራቅ የሚሄድ ጎዶሎ ሌቭል፣ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሙሉ ሌቭል ይይዛል። ዱባይ ሲኬድ 370 ወይም 390፣ ሲመለስ 380 ወይም 400። ናይሮቢ ከደቡብ ትንሽ ወደ ምዕራብ ስላዘነበለች ሙሉ ነች። ድሮ ከ29,000 በላይ በሁለት ተላላፊ አውሮፕላኖች መካከል 2,000 ጫማ ይተው ነበር፤ ወደ 1,000 የተጠበበው እ.ኤ.አ. በ1997 ሰሜን አትላንቲክ ላይ ተጀምሮ፣ በ2002 አውሮፓ፣ መስከረም 25 ቀን 2008 አፍሪካ ላይ ደረሰ። ለዚህ ያህል የቆየው በምክንያት ነው። ቁልፍ ላይ የሚሠራ የአንድ ሄክቶፓስካል ስህተት የትም ቦታ 27 ጫማ ነው፤ የሴንሰር ስህተት ግን ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ያድጋል። 38,000 ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ አንድ ሄክቶፓስካል 100 ጫማ ያህል ነው። በስታቲክ ቀዳዳው ዙሪያ የቆዳው መጎርበጥ ወይም የቀለም መወፈር አየሩን በጥቂቱ ካዛባ፣ ላይ ሲደርስ ትልቅ ቁጥር ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ዙሪያ በቀለም የተከለለ አራት ማዕዘን የምታዩት ለጌጥ አይደለም። ሁለቱ ዋና አልቲሜትሮችም በጉዞ ላይ በየሰዓቱ ይነጻጸራሉ፤ ከ200 ጫማ በላይ ከተለያዩ ለተቆጣጣሪው ይነገራል።

አሥር ሄክቶፓስካል

ስታንዳርዱ ላይ ለመሳሳት ተስማምተናል አልኩ። ስምምነቱ የሚያበቃው ሲወረድ ነው፤ የአካባቢው ግፊት ተመልሶ ሲገባ ከአፍ ወደ ጆሮ ይተላለፋል። ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል። ግፊቱ 992 ሄክቶፓስካል ሲባል፣ በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በኢንች ሜርኩሪ፣ የለመደ ጆሮ 29.92 ብሎ ሊሰማ ይችላል፤ ያ ደግሞ 1013 ነው። ወደ 570 ጫማ ስህተት፣ ያውም ወደ መጥፎው አቅጣጫ።

እ.ኤ.አ. ግንቦት 23 ቀን 2022 ፓሪስ ሻርል ደ ጎል ላይ የሆነውን እዩ። ትክክለኛው ግፊት 1001 ሆኖ ሳለ ተቆጣጣሪው 1011 ብሎ ሰጠ። አንዲት አሃዝ። አሥር ሄክቶፓስካል፣ 270 ጫማ ያህል። የሚወርዱበት የአቀራረብ ዓይነት ቁልቁለቱን የሚያሰላው ከአልቲሜትሩ ስለነበር፣ ከመሬት የሚላክ ጨረር ሊያርመው አልቻለም። አብራሪዎቹ መሣሪያቸው እንዳዘዛቸው በትክክለኛው ቁልቁለት ላይ ነበሩ፤ ቁልቁለቱ ራሱ ግን ታች ነበር። ማኮብኮቢያው ስላልታያቸው ተመልሰው ሲወጡ፣ ከመሬት ያለውን ርቀት በሞገድ የሚለካው ራዲዮ አልቲሜትር የመዘገበው ዝቅተኛ ከፍታ 6 ጫማ ነው፤ ማኮብኮቢያው ገና ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይቀረው ነበር። ከክሩዝ ከፍታ በራዳር እየተመራ የወረደ፣ ሁለት ጤነኛ አልቲሜትሮች ያሉት አውሮፕላን ነው።

መሣሪያው ሲታመም ደግሞ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 1996 ከሊማ የተነሣው የኤሮፔሩ በረራ 603፣ ሲታጠብ ስታቲክ ቀዳዳዎቹ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር ሳይነሣ በረረ። አብራሪዎቹ በሌሊት ባሕር ላይ ሆነው መሣሪያዎቻቸውን ማመን ሲያቅታቸው ከፍታቸውን ተቆጣጣሪውን ጠየቁ፤ እሱም ስክሪኑን አይቶ ነገራቸው። ያ ቁጥር ከየት መጣ? ከራሳቸው ትራንስፖንደር፣ ከዚያው ከታፈነው ቀዳዳ። ስክሪኑ 9,700 ጫማ ገደማ እያለ ባሕሩን ነኩ። 70 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በራዳር የሚታይ ከፍታ «ምስክር» ነው ሲባል ስሰማ አልወድም፤ የተከሳሹን ቃል የሚደግም ምስክር ነው።

ዱባይ ልንወርድ ስንል ሰውየው አሁንም ስልኩን ይዞ ነበር። መንኮራኩሩ መሬት ሲነካ ስክሪኑና ስልኩ በጥቂት ሜትር ተቀራረቡ፤ የአየሩ ዓምድ አልቆ የሚያሳስት ነገር ስላልቀረ። መቀመጫው ኪስ ውስጥ የነበረው ባዶ ፕላስቲክ ግን ጎኑ ገብቶ ተጣብቋል። ክዳኑን ሲከፍተው ፍስስ ብሎ ተነፋ፣ እሱም ሣቀና «ይሄም ይለካል ማለት ነው» አለ።